ሦስት ወር ከፍዬ «ጌት»ን ተማርኩ፦ ስለ አንድ የጅማ የማታ እንግሊዝኛ ኮርስ

ጅማ ውስጥ፣ ከፈረንጅ አራዳ ብዙም ሳይርቅ፣ ፎቅ ላይ አንድ የማታ እንግሊዝኛ ማስተማሪያ አለ። ስሙን አልጠራም። የማማርርበት ነገር አለኝ፣ ደግሞም ከባለቤቱ ጋር ጠዋት ጠዋት አንድ ጀበና ቡና ላይ እንገናኛለን። ሦስት ወር ተማርኩ፣ አብዛኛውን ጊዜ «ጌት» የምትባለዋን አንዲት የእንግሊዝኛ ግስ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል። የከፈልኩት 2,400 ብር ነው። ለሃንዳውት (ለተማሪ ለሚታደል ወረቀት) ፎቶ ኮፒ ደግሞ 60 ብር ለብቻ። የሃንዳውቱን ነገር እመለስበታለሁ፤ ንዴቴ ያለው እዚያ ነው።

ለምን እንደተመዘገብኩ ልንገራችሁ፣ ያለዚያ ግምገማዬ አይገባችሁም። የምሠራው ቡና ነጋዴ ቢሮ ውስጥ ነው። የመጋዘን ሂሳብ እይዛለሁ፣ ናሙና አሽጋለሁ፣ ለውጭ ገዢዎች ኢሜይል የምጽፈውም እኔ ነኝ፤ ቢሮው ውስጥ እንግሊዝኛ «ይችላል» የተባልኩት እኔ ነኛ። አንድ ገዢ የላክንለት 300 ግራም ናሙና ደርሶት መልስ ጻፈ። አመሰገነና መጨረሻ ላይ «አይ ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ ኔክስት ዊክ» አለ። እኔ ጌትን የማውቀው «ማግኘት» ብዬ ነው። ባክ መመለስ ነው። ኔክስት ዊክ ግልጽ ነው። ሰውዬው ከዚህ በፊት አንዴ ጅማ መጥቶ ስለነበር ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ሮጬ አለቃዬ ጋ ገባሁና «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል፣ ሊያገኝዎት ነው» አልኳቸው።

ጋሼ እንግዳ ይመጣል ከተባለ እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። መኪና ተያዘ፣ አልጋ ተያዘ፣ በግ ተገዝቶ ግቢ ውስጥ ታሰረ። እኔ ደግሞ ጅሬን ወስጄ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ላስጎበኘው ነው ብዬ የምለውን በወረቀት ጽፌ እሸመድድ ነበር። ሐሙስ ዕለት የመጣው ሌላ ኢሜይል ነው። የቡናው እርጥበት ከ12 በመቶ በልጧል፣ ሌላ ናሙና ላኩልን ይላል። «ጌት ባክ ቱ ዩ» ማለት ለካ «መልስ እሰጥሃለሁ» ማለት ብቻ ነው። በጉን ሠራተኛው በላው። እኔም በላሁ፣ ግን አልጣመኝም። በማግስቱ ሄጄ ተመዘገብኩ።

እንግዲህ ክፍሉ። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ይህን ለጅማ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። ዝናብ ሲጀምር አስተማሪው አፉ ሲንቀሳቀስ ታያለህ፣ ድምፅ ግን የለም። አንድ ጥግ ላይ ያፈሳል፤ እዚያ ባልዲ አለ፣ ከባልዲው አጠገብ ያለው ወንበር የዘገየ ሰው ዕጣ ነው። ወንበሮቹ ፕላስቲክ ናቸው፣ ለመጻፊያ ጉልበትህን ነው የምትጠቀመው። መብራት ሲጠፋ የስልክ ባትሪ እናበራለን። 34 ሰው ነበርን። ነርስ አለች፣ የባጃጅ ሹፌር አለ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ (ለምን ከእኛ ጋር እንደሚማሩ ጠይቄ ሳቁብኝ)፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ በርጩማ የሚሸጥ ልጅ አለ፣ ለቱሪስት ዋጋ በካልኩሌተር ማሳየት ሰልችቶታል። አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ አሉ፣ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። ልጃቸው አሜሪካ ናት፣ የልጅ ልጆቻቸው ከእንግሊዝኛ ሌላ አይናገሩም። «በስልክ ሃሎ ብዬ ዝም እላለሁ» አሉ የመጀመሪያ ቀን ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ። ከዚያ ወዲያ ማንም በእሳቸው ፊት አርፍዶ አልገባም።

አስተማሪው ወጣት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሰላምታ ምናምን ነበር፣ ዘልዬዋለሁ። ሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ገባና ሰሌዳው ላይ በእኛው ፊደል «ጌት» ብሎ ጻፈ። ይህ ምንድን ነው አለ። ግማሹ ክፍል «በር!» አለ። የዩኒቨርሲቲዎቹ «ሜን ጌት» ብለው ተሳሳቁ። እሱም ሳቀ። የመጀመሪያው ችግራችሁ ይሄ ነው አለ፤ በፊደላችን በሩም ግሱም ጌት ተብለው ነው የሚጻፉት፣ አፋችንም እንደ ጽሑፉ ይላቸዋል። በሩ ሲሆን «ጌይት» ብላችሁ ጎትቱት፣ ግሱ ሲሆን ቶሎ ቁረጡት። 12 ዓመት ስማር ይህን የነገረኝ ሰው የለም። «ኦፕን ዘ ጌት» ስል ስንት ጊዜ «ማግኘትን ክፈት» እንዳልኩ እግዜር ይወቅ።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው ኮርሱን ኮርስ ያደረገው። ደብተር ዝጉ አለ። የጌትን ትርጉም ልጽፍላችሁ ነው ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተስፋ ቁረጡ አለ። አንድ ፈረንጅ ጅማ መጥቶ አማርኛ እየተማረ ነው እንበል። መዝገበ ቃላቱ «አለ» ማለት ተናገረ ማለት ነው ይለዋል። ጥሩ፣ ገባው። ከዚያ መንገድ ላይ ሲሄድ ምን ይሰማል? ልጁ ቁጭ አለ። ሴትየዋ ዝም አለች። ዝናቡ ቀጥ አለ። ፀሐይ ብቅ አለች። ፀሐይ ምን አለች? «ብቅ» አለች። ፈረንጁ ፀሐይ እየተናገረች ነው ብሎ ያብዳል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂ ከፊት ሆነው «በኦሮምኛም ያው ነው እኮ፣ ጨል ጄዺ ነው የምንለው፣ ዝም በል ለማለት» አሉ። አስተማሪው ጣቱን ወደ ሐጂ ቀሰረና አያችሁ አለ፣ ሁላችሁም በሁለት ቋንቋ ይህን ስታደርጉ ኖራችኋል፣ ማንም ደግሞ የ«አለ»ን ትርጉም በዝርዝር አልሸመደደም። ጌት አፕ፣ ጌት አውት፣ ጌት ኢን የሚባሉት የእነሱ ብድግ አለ፣ ውልቅ አለ፣ ጥልቅ አለ ናቸው። ጌት እንደ እኛ «አለ» ተሸካሚ ነች፣ ጭነቱ ያለው ከጎኗ ያለችው ቃል ላይ ነው።

እኔ ከዚያ ቀን በፊት ፍሬዛል ቨርብ የሚባለውን ነገር፣ ግስ ከአንዲት ትንሽ ቃል ጋር ሲጣመር ሌላ ትርጉም የሚይዝበትን፣ እንደ ቅጣት ነበር የማየው።

ረቡዕ ደግሞ «ያዘ»ን አመጣ። እያንዳንዳችሁ ያዘ የሚሠራውን ሥራ አንዳንድ ንገሩኝ አለ። ጉንፋን ያዘኝ። ዝናብ ያዘኝ። እንቅልፍ ያዘኝ። ታክሲ ያዝኩ። ወረፋ ያዝኩ። ቀጠሮ ያዝኩ። ቂም ያዘ። ሌባ ተያዘ። ቡናው ፍሬ ያዘ (ይሄ የእኔ ነው)። ቀለሙ ልብሱን ያዘ። ልጁ ቋንቋ ቶሎ ያዘ። የባጃጁ ሹፌር «ፍሬን አልይዝ ሲልስ?» አለና ሁላችንም ሳቅን፣ እሱ ግን አልሳቀም። 23 ደርሰን መብራት ጠፋ። በስልክ ብርሃን ሰሌዳውን እያየን አስተማሪው ጠየቀን፤ ከዚህ ውስጥ በእጅ መጨበጥ የትኛው ነው? ሌባውና ምናልባት ታክሲው። የቀረው ሁሉ ምንድን ነው? ዝም አልን። አንድ ነገር ከእኔ ውጭ ነበር፣ አሁን ከእኔ ጋር ሆነ። ጉንፋኑ፣ እንቅልፉ፣ ወረፋው። ጌትም ያቺው ናት፣ ነገር ሲለወጥ ነው የምትመጣው አለ። ትናንት ያልነበረ ዛሬ አለ፣ ትናንት ያልነበርኩበት ቦታ ዛሬ ነኝ፣ ትናንት ያልሆንኩትን ዛሬ ሆንኩ። ደብዳቤ ጌት፣ ቤት ጌት፣ መድከም ጌት።

ይህን ካለን በኋላ ነገሩ እየቀለለ ሄደ። በተለይ «መሆን» የሚለው ጌት። እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ለለውጥ የራሱ ግስ የለውም ወይም ቢኖረውም አይጠቀምበትም፤ ጌትን ያስቀድምና ቅጽል ይለጥፍባታል። ጌት ዳርክ፣ ጌት ኦልድ፣ ጌት ዌት፣ ጌት ሃንግሪ። እኛ ለእያንዳንዱ ሙሉ ግስ አለን፦ መሸ፣ አረጀ፣ ረጠበ፣ ራበው። ስለዚህ ስንተረጉም ጌት የምትጠፋ ይመስለናል፣ እንግሊዝኛ ስንናገር ደግሞ እንረሳታለንና «ኢት ኢዝ ዳርክ» እያልን ስንመሽ እንኖራለን። ኢት ኢዝ ዳርክ ማለት ጨለማ ነው ማለት ነው። እየመሸ ነው፣ ሂድ ግባ፣ ልትለው የፈለግኸው ልጅ ግን የሚሰማው ኢት ኢዝ ጌቲንግ ዳርክ ስትለው ነው።

ቀጥሎ ያለው ለእኔ ከሁሉም በላይ ነው። «ጌት ፔይድ፣ ጌት ፋየርድ፣ ጌት ሮብድ» ብሎ ጻፈ። ተከፈለ፣ ተባረረ፣ ተዘረፈ። ሦስቱም ላይ መጀመሪያ ያለው ፊደል ምንድን ነው አለ። ተ። እንግዲህ ጌት እዚህ ጋ የእኛ «ተ» ነች አለ። ከዚያ ሌላ ሦስት ጻፈ፦ «ጌት ማይ ፎን ፊክስድ፣ ጌት ማይ ሄር ከት፣ ጌት ሂም ቱ ሳይን»። ስልኬን አስጠገንኩ፣ ፀጉሬን ተቆረጥኩ፣ አስፈረምኩት። ሁለቱ ላይ «አስ» አለች። መሐሉ ላይ ግን እኛ ተቆረጥኩ እንጂ አስቆረጥኩ አንልም፣ ይህን ነርሷ ነች ያየችው፣ አስተማሪውም ጎሽ አላት። እኛ ከግሱ ፊት ፊደል እንሰካለን፣ እነሱ ጌትን ያቆማሉ። በማግስቱ ቢሮ ገባሁና የድሮ ኢሜይሎቼን ከፍቼ አነበብኩ። አንድ ገዢ «ፕሊዝ ጌት ዘ ዶኪዩመንትስ ሳይንድ» ብሎኝ ነበር። ሰነዶቹን አስፈርም ማለቱ ነው። እኔ የመለስኩለት «የስ፣ ዊ ጌት ዘ ዶኪዩመንትስ» ብዬ ነው፣ አዎ ሰነዶቹን እናገኛለን እንደማለት። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ደግሞ ጠይቆኛል። ትዕግሥቱ ይገርማል።

መድረስ የሚለውን ጌት በአንድ ቀን ጨረስነው። አዲስ አበባ ሲሆን ጌት ቱ ነው፣ ቤት ሲሆን «ቱ» የለም፣ ጌት ሆም ብቻ። እኛ አዲስ አበባ ደረስኩ፣ ቤት ደረስኩ ስለምንል ልዩነቱ አይታየንም፣ ወይ ሁለቱንም ላይ ቱ እንጨምራለን ወይ ሁለቱንም ላይ እንጥላለን። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወልቂጤን አልፈህ ጊቤ ወርደህ፣ «ወት ታይም ዲድ ዩ ጌት ሂር?» (ስንት ሰዓት ደረስክ?) ቢሉህ «ፍሮም አዲስ» ብለህ አትመልስ። (አንዱ መልሷል። እኔ አይደለሁም።) መረዳት የሚለው ደግሞ ምንም አልከበደንም፣ እኛ ገባኝ እንላለን፣ እነሱ ጎት ኢት ይላሉ። ነገሩ ወደ እኔ ገባ፣ ወይም እኔ ነገሩን ያዝኩት፣ ያው ነው።

አንድ ምሽት ግን ሙሉውን በባጃጅ አለቀ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ መኪና ከሆነ ጌት ኢን እና ጌት አውት፣ አውቶብስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን ከሆነ ጌት ኦን እና ጌት ኦፍ። ፈረስ፣ ብስክሌትና ሞተርም ጌት ኦን ናቸው። ታዲያ ባጃጅስ? ሹፌሩ ባጃጅ ሞተር ነው፣ ሦስት እግር ያለው ሞተር ነው፣ መሪውም የሞተር ነው፣ ስለዚህ ኦን ነው አለ። በርጩማ ሻጩ ጣሪያ አለው፣ ወንበር አለው፣ ስለዚህ ኢን ነው አለ። ሹፌሩ «ስንት ዓመት የነዳሁት እኔ ነኝ» አለ። አስተማሪው አንድ መለያ ሰጠን፣ ውስጡ ቆመህ መሄድ ከቻልክ ኦን፣ ጎንበስ ብለህ ገብተህ ከመቀመጥ ሌላ የማትችል ከሆነ ኢን። ባጃጅ ውስጥ ማን ይቆማል? ኢን ሆነ። ሹፌሩ እስከ ኮርሱ መጨረሻ አልተቀበለም። አሁንም ሲያገኘኝ «ጌት ኦን ወንድሜ» ይለኛል።

ሐጂ አንድ ጊዜ ፎርጌት ውስጥ ጌት አለች ወይ ብለው ጠየቁ። ሁላችንም የሽማግሌ ጨዋታ መስሎን ነበር። አስተማሪው ግን ደስ አለው። አለች እንጂ አለ። ጌት ራሷ እንግሊዝ የገባችው ከስካንዲኔቪያ በመጡ ሰዎች አፍ ነው፣ ፎርጌት ላይ ያለችው ደግሞ የጥንቱ እንግሊዝኛ የራሱ የሆነ የዚያው ቃል ዘመድ ናት። ከእጅ ማምለጥ፣ መልቀቅ የሚል ነገር አለበት። ሐጂ ትንሽ አሰቡና «እንግዲያ እኔ የያዝኩት ጥቂት ነው፣ ያመለጠኝ ብዙ» አሉ። ደብተራቸው ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፏቸው።

አሁን ወደ ሃንዳውቱ።

አራት ገጽ ነው። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ የሆነ ሰው የቡና ኩባያ ያሳረፈበት ክብ አለ፣ ያ ክብ 34 ሰው ጋ ተባዝቶ ደርሷል። ከጌት ጋር የሚሄዱ 120 ሐረጎች ተዘርዝረውበታል፣ ከጎናቸው አማርኛ። አማርኛውን ማን እንደጻፈው አላውቅም፣ ግን ቃል በቃል ገልብጦታል። ጌት ኦቨር፦ «ከላይ ማግኘት»። ጌት ባይ፦ «በአጠገብ ማግኘት»። ጌት አሎንግ፦ «አብሮ ማግኘት»። ጌት አዌይ ዊዝ ኢት ላይ ደርሼ ስቄ ሞትኩ፦ «ከእሱ ጋር ርቆ ማግኘት»። ትክክለኛውን ብትፈልጉት ጌት ኦቨር ሐዘኑ ወጣለት ወይም ጉንፋኑ ለቀቀው ነው፣ ጌት ባይ ኑሮን እንደምንም መግፋት ነው፣ ጌት አሎንግ መስማማት ነው፣ የመጨረሻው ደግሞ አጥፍቶ ሳይጠየቅ መቅረት ነው። ያንን ሃንዳውት አዘጋጅቶ 60 ብር የሚያስከፍል ሰው የመጨረሻዋን በደንብ ያውቃታል።

ጌት ስሩ ለምሳሌ፣ ስልክ አልገባልኝም ለማለት «አይ ኩድንት ጌት ስሩ» ትላለህ። በየቀኑ የሚያስፈልገን ነገር ነው፣ ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ። ሃንዳውቱ ላይ «በመካከል ማግኘት» ተብሎ ተጽፏል።

አስተማሪው ሃንዳውቱን አይነካውም ነበር። ችግሩ የመጣው ሦስተኛው ወር ላይ ነው። የግል ጉዳይ ገጥሞት ለሁለት ሳምንት ቀረ፣ ተተኪ ላኩልን። ተተኪው ገባ፣ ተቀመጠ፣ ሃንዳውቱን ከአንድ ጀምሮ አነበበ። ስድስት ክፍለ ጊዜ። እንግሊዝኛውን ያነባል፣ አማርኛውን ያነባል፣ ድገሙ ይላል፣ እኛም «በአጠገብ ማግኘት» እያልን እንደ ቄስ ተማሪ እንዘምራለን። ሁለተኛው ሳምንት ላይ 34 የነበርነው 15 ሆንን። የማስተማሪያው ቢሮ ሄጄ ተናገርኩ። «ኮርሱ እኮ ሃንዳውቱ ነው፣ ያኛው አስተማሪ ነው ጨዋታ የሚያበዛው» አሉኝ። ይህን የምጽፈው ለዚህ መልስ ስል ነው ብል አልዋሸሁም።

በዚያው ሳምንት ሐጂ ከልጅ ልጃቸው የመጣ የጽሑፍ መልእክት ይዘው መጡ። ወንድሜ ረጅም ሆኗል ለማለት «ሂ ሃዝ ጎትን ሶ ቶል» ይላል። ጎትን ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ተተኪው ሃንዳውቱን አየ፣ ጌት፣ ጎት፣ ጎት ይላል፣ ስለዚህ ስህተት ነው፣ ልጁን ያርሙት አላቸው። እዚያ ተወልዶ ያደገ ልጅ! ሐጂ ምንም አላሉም፣ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ዋናው አስተማሪ ሲመለስ ነገሩን ነገርነው። በእንግሊዝ ዛሬ ጎት ነው የሚባለው፣ አሜሪካ ግን ጎትን አለ፣ ድሮ እንግሊዞቹም ይሉት ነበር፣ ተሻግሮ ሄዶ እዚያ ቀረ፣ አገሩ ላይ ግን ጠፋ። አሜሪካኖቹ ደግሞ በሁለቱ ይለያሉ፤ አለኝ ለማለት አይ ሃቭ ጎት፣ አገኘሁ ወይም ሆንኩ ለማለት አይ ሃቭ ጎትን። ሐጂ «እንግዲህ ልጁ ልክ ነው» አሉ። ልጁ ልክ ነው አላቸው። ከዚያ የድምፅ መልእክት ከፈቱልን። «ዲድ ዩ ጌዲት፣ ግራንድፓ?» ይላል ልጁ። ጌዲት የምትለዋን ከክፍሉ ማንም አልያዛትም። ጌት ኢት ነው። አሜሪካኖቹ እዚህ ጋ «ት»ን ወደ «ድ» ያስጠጓታል፣ ጌዲት፣ ጌዳፕ፣ ጌዳውት። አምስት ጊዜ ደግመን ሰማናት።

የኮርሱ ትልቁ ጉድለትም ይሄው ነው፣ ማዳመጥ የለም። ስፒከር የለም፣ ቪዲዮ የለም፣ ከሐጂ ስልክ ውጭ ፈረንጅ ሲናገር የሰማንበት ቀን የለም። ብንሰማም ቆርቆሮው አያሰማንም ነበር። መናገርም ትንሽ ነው፣ 34 ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደሚደርሰው ራሳችሁ አስሉት። የሚጻፍ የቤት ሥራ አልተሰጠንም፣ እኔ የራሴን ኢሜይል እየወሰድኩ አስተማሪውን ከክፍል በኋላ ቡና እየጋበዝኩ ነው ያሳረምኩት። ያ ቡና ከ2,400 ብሩ ውስጥ አልተቆጠረም።

ለማን ይሆናል? ፊደል ለሚጀምር ሰው አይሆንም፣ ይሰጥማል። ለፈተና ለሚዘጋጅም አይመስለኝም። ሥራ ላይ ሆኖ እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ቃላቱን የሚያውቅ፣ ግን ሲገጣጠሙ ሌላ ነገር የሚሆኑበት ሰው ካለ፣ እኔን የመሰለ ማለት ነው፣ ይሂድ። ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት አስተማሪው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ሰኞ ሄዳችሁ በር ላይ ቁሙና አዳምጡ፤ ሳቅ ከሰማችሁ ግቡ፣ «በአጠገብ ማግኘት» የሚል ዝማሬ ከሰማችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውረዱ። ሃንዳውቱን አልፈልግም ማለት ይቻላል፣ እኔ በኋላ ነው ያወቅኩት።

ባለፈው ሳምንት ያው ገዢ እንደገና ጻፈ። ሁለተኛው ናሙና ደርሶታል፣ እርጥበቱ ተስተካክሏል፣ «ዊ ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ ባይ ፍራይዴይ» ይላል። ለጋሼ ነገርኳቸው። «ይመጣል?» አሉኝ ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ። አይ፣ ይጽፋል አልኳቸው። «እርግጠኛ ነህ?» አሉ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ለማንኛውም ብለው የበግ ዋጋ አስጠየቁ።

ሁለተኛው ዙር የሚጀምረው በሚቀጥለው ወር ነው፣ እኔ ስሜን አስመዝግቤያለሁ። ያኛው አስተማሪ ነው ብለውኛል። ከባልዲው ራቅ ያለ ወንበር ከመጀመሪያው ቀን እይዛለሁ፣ ሐጂ አጠገብ፣ ስልካቸው በሚሰማበት በኩል።